ለትንሽ ባር በግማሽ መከፈት ከመዘጋት የሚከብድበት ጊዜ

ጠያቂያችን ያነሱት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ የራሳቸውን ትንሽ ባር ለመክፈት በዝግጅት ላይ ናቸው፤ እንደ ኮሮና ያለ ወረርሽኝ ተመልሶ ቢመጣ የየአካባቢው አስተዳደር የሚያወጣቸው ደንቦች እንዲህ ባለ ቤት ላይ ምን ያደርሳሉ? ከወዲሁስ ምን ማዘጋጀት ይቻላል? እስካሁን የተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ «ከዘጉት አለቀለት» የሚሉ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ኮሮና ሲገባ ባር ነበረኝ፤ ዛሬም አለኝ። በመካከል ያሉትን ዓመታት መመሪያ በማንበብ፣ ከተቆጣጣሪዎች ጋር በመነጋገርና በሙያው ካሉ ወዳጆቼ ጋር ሂሳብ በመሥራት አሳልፌያለሁ። ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ስለሚረዝም በትዕግሥት ያንብቡልኝ። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን ነው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሙሉ በሙሉ መዘጋት ከባድ ነው፤ ድጋፍ ካለው ግን ይታለፋል። በግል ባለቤት የሚተዳደርን ባር ቀስ በቀስ የሚያደርቀው «ክፍት ነህ» ተብሎ ገበያው ሲወሰድበት ነው። ወንበሩ በግማሽ ይቀነሳል፣ ሰዓቱ ያጥራል፣ ባንኮኒው ይከለከላል፣ ያለ ምግብ መሸጥ አይቻልም ይባላል፤ ኪራዩና ደመወዙ ግን ሙሉ ነው። ከዚያ «ሥራ ላይ ስለሆንክ ድጋፍ አይገባህም» የሚል መልስ ይከተላል። ብዙ ጥሩ ቤቶች የጠፉት በዚህ መካከለኛ ወቅት ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል የወር ሽያጭዎ መቶ ቢሆን፣ ሠላሳው ለመጠጥ መግዣ፣ ሠላሳው ለደመወዝ፣ ሃያው ለኪራይ፣ አሥሩ ለመብራት፣ ለኢንሹራንስ፣ ለፈቃድና ለመሳሰለው ይሄዳል እንበል፤ አሥር ይተርፍዎታል። አሁን በደንብ ምክንያት ሽያጩ ወደ ሃምሳ ወረደ። የመጠጥ መግዣው አብሮ ወደ አሥራ አምስት ይወርዳል። ደመወዙ ግን ወደ ግማሽ አይወርድም፤ በጠረጴዛ ብቻ አስተናግድ ስለተባሉ የሰው ኃይል ያስፈልግዎታል፤ ሃያ አምስት ይሆናል። ኪራዩ ሃያ ነው፤ ሌላው ወጪ ዘጠኝ። ድምሩ ስልሳ ዘጠኝ ነው። በየወሩ አሥራ ዘጠኝ ከኪስዎ ይወጣል። በሌላ በኩል ቤቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ደመወዙን መንግሥት ሸፍኖ፣ አከራዩ የኪራዩን ግማሽ ቢተው፣ አሥር ለኪራይ፣ አምስት ለሌላው፣ በድምሩ አሥራ አምስት ብቻ ይጎድልዎታል። ክፍት መሆን ከመዘጋት በላይ አስከፈለ ማለት ነው። የእርስዎን ቁጥር አስገብተው ይሞክሩት፤ መጠኑ ቢለያይም አቅጣጫው ይኸው ነው።

ስለ ርቀት ደንብ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በአንድ ሰው ዙሪያ የሚተወው ርቀት ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ሲያድግ በወለሉ ላይ የሚይዘው ስፋት በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አንዲት ሜትር የምትመስለው ልዩነት ለጠባብ ቤት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ናት። እንግሊዝ ውስጥ መጠጥ ቤቶች ጁላይ 4 ቀን 2020 ሲከፈቱ ሁለት ሜትሩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ወደታከለበት አንድ ሜትር የወረደው የንግዱ ዘርፍ ይህን ሂሳብ ደጋግሞ ስላቀረበም ጭምር ነው። ሰፊ አዳራሽ ያለው ቤት ጠረጴዛዎቹን አራርቆ ይሠራል። ጠባቧ ባር ግን አንድ ግድግዳ፣ አንድ ባንኮኒና ጥቂት ከፍ ያሉ ወንበሮች ናት፤ የምታራርቀው ነገር የላትም።

የባንኮኒው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። ባር ውስጥ አንድ ጥሩ ቀጂ ባንኮኒው ላይ ቆሞ ብዙ ሰው ያስተናግዳል፤ የቤቱ ትርፍ የሚመጣው ከዚያ ነው። «ደንበኛው ተቀምጦ ይታዘዝ» የሚለው ደንብ ከጤና አንጻር ምክንያት አለው፤ ሰው ባንኮኒ ላይ ይጠጋጋል፣ ይንጫጫል፣ ጮክ ብሎ ይናገራል። እኔ ደንቡን አልቃወምም። ነገር ግን ደንቡን የሚጽፈው ሰው ቀድሞም በጠረጴዛ ይሠራ በነበረው ሬስቶራንትና አሠራሩን ከሥር በቀየረው ባር መካከል ያለውን የወጪ ልዩነት አይቶ ድጋፉን በዚያ ልክ ሊያስተካክል ይገባል።

ሰዓት እላፊውም እንዲሁ ነው። እንግሊዝ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2020 መጠጥ ቤቶችና ሬስቶራንቶች ከምሽቱ 4 ሰዓት እንዲዘጉ አደረገች። ሬስቶራንት እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሁለት ዙር እራት ሊያስተናግድ ይችላል። ባር ግን በዚያ ሰዓት ገና እየሞቀ ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ቤት በአንድ ደቂቃ ሲዘጋ ሕዝቡ አንድ ላይ ወደ ጎዳናና ወደ ትራንስፖርት ይወጣል፤ በመራራቅ ፈንታ መተፋፈግ ይፈጠራል። ኋላ ላይ፣ በዲሴምበር 2020 መጀመሪያ፣ የመጨረሻው ትእዛዝ 4 ሰዓት ላይ ይሁንና ደንበኛው እስከ 5 ሰዓት ቀስ ብሎ ይውጣ ተባለ። ማሻሻያው ቀላል ነበር፤ ከሙያው ሰዎች ጋር አስቀድሞ መመካከር ቢኖር ከመጀመሪያውም ይገኝ ነበር።

ወደ ፈቃዱ ልለፍ፤ ገና ላልከፈቱ ለእርስዎ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነውና። በወረርሽኝ ጊዜ የአካባቢ ሕግ ቤትዎን የሚያየው በተመዘገቡበት መደብ ነው። የቴክሳስ ገዥ ጁን 26 ቀን 2020 ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ51 በመቶ በላይ ከአልኮል የሚያገኙ ቤቶች እንዲዘጉ ሲያዝዙ፣ ሬስቶራንቶች የሰው ቁጥር ቀንሰው ቀጠሉ። ተመሳሳይ ቢራ፣ ተመሳሳይ ወንበር፣ ተመሳሳይ ጎዳና፤ ልዩነቱ የገቢው ድርሻ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ባሮች የምግብ ማረጋገጫ አውጥተው እንደ ሬስቶራንት ለመቆጠር ሲሯሯጡ ከረሙ። አየርላንድ ከጁን 29 ቀን 2020 ጀምሮ ቢያንስ የ9 ዩሮ ምግብ የሚሸጡ መጠጥ ቤቶችን ስትከፍት፣ ምግብ የሌላቸው ከደብሊን ውጭ እስከ ሴፕቴምበር 21 ጠበቁ፤ በደብሊን ያሉት ደግሞ ከዚያም በላይ። ኒው ዮርክ በጁላይ 2020 መጠጥ ያለ ምግብ አይቅረብ አለች። በእንግሊዝም በዲሴምበር ወር በመካከለኛው የገደብ ደረጃ ባሉ አካባቢዎች አልኮል የሚሸጠው «በቂ ከሆነ ማዕድ» ጋር ብቻ ነበር፤ በቂ ማዕድ ምንድን ነው የሚለው ክርክር ሚኒስትሮችን ሳይቀር በየመገናኛ ብዙኃኑ አነጋገረ።

የደንቡ ሐሳብ ይገባኛል፤ ምግብ ያዘዘ ሰው ይቀመጣል፣ በዝግታ ይጠጣል፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አይዞርም። ነገር ግን ደንቡ የሚለካው ወጥ ቤትን ነው እንጂ አየርን አይደለም። ሰፊ መስኮትና በረንዳ ያለው ባር ወጥ ቤት ስለሌለው ሲዘጋ፣ መስኮት የሌለው የምድር ቤት ሬስቶራንት ይከፈታል። በሽታው በአየር የሚተላለፍ ሆኖ ሳለ መለኪያው ምጣድ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ለእርስዎ ግን ምክሬ ግልጽ ነው። ዝግጅቱ ላይ እያሉ ባሉበት አካባቢ ቀላል ምግብ ለማቅረብ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ወጪው የሚቻል ከሆነ ከመጀመሪያው ያውጡት። ትልቅ ወጥ ቤት አያስፈልግም። ችግር ሲመጣ በሩ የሚከፈትልዎና የሚዘጋብዎ በዚያ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ በወረርሽኝ መካከል እንዲህ ያለ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ ሁሉም ተሰልፎ ነው የሚያገኙት። የበረንዳና የእግረኛ መንገድ ፈቃድም እንዲሁ። ኒው ዮርክ ከተማ በጁን 2020 ሬስቶራንቶችና ባሮች በእግረኛ መንገድና በመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ጠረጴዛ እንዲዘረጉ ስትፈቅድ ብዙ ቤቶችን አተረፈች። ከፊቱ ባዶ ቦታ የሌለው ቤት ግን ከዚያ ዕድል ምንም አላገኘም። ስለዚህ ቤት ሲከራዩ በሩ ላይ ያለውን ስፋት እንደ አንድ ክፍል ይቁጠሩት።

አሁን ስለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ። ለባር የድንገት መዘጋት ጉዳት የሚጀምረው ከመጋዘን ነው። የድራፍት በርሜል ጊዜ አለው፤ የተከፈተማ ብዙም አይቆይም። ቅዳሜና እሁድን አስበው መጋዘን ሞልተው ዓርብ ምሽት «ከዛሬ ጀምሮ ዝጋ» ሲባሉ ገንዘብዎ እዚያው ይበላሻል። በማርች 2020 እንግሊዝ ውስጥ የሆነው ከዚህም የከፋ ነበር። መንግሥት ማርች 16 ሕዝቡ መጠጥ ቤት እንዳይሄድ መከረ፤ ቤቶቹ እንዲዘጉ ግን አላዘዘም። የመዝጊያው ትእዛዝ ማርች 20 መጣ። በመካከል ባሉት ቀናት ባለቤቶች ደንበኛም የላቸው፣ የመዘጋት ትእዛዝም የላቸው፤ «የመንግሥት ትእዛዝ» የሚለውን የኢንሹራንስ አንቀጽ ለመጥቀስም አልቻሉም። የእኔ ልምድ የሚለው ምክርና ትእዛዝ ሲለያዩ ኪሳራው ሁልጊዜ በትንሹ ባለቤት ላይ ይወድቃል ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከማርች 27 ቀን 2020 ጀምሮ የአልኮል ሽያጭን ጨርሳ ከለከለች፤ በጁን ፈቀደች፤ በጁላይ መልሳ ከለከለች፤ በኦገስት ፈቀደች፤ በዲሴምበር መጨረሻ እንደገና ከለከለች። ከሆስፒታሎች መጨናነቅ አንጻር ምክንያት ነበረው፤ በስካር የሚደርስ ጉዳት የድንገተኛ ክፍል አልጋ ይይዛልና። ሆኖም እንዲህ በሚመላለስ ደንብ ውስጥ መጠጥ የሚያዝዝ ባለቤት በየጊዜው በጭፍን ይወስናል።

ለዚህ የሚረዳው ከአቅራቢ ጋር የሚደረግ ውል ነው። ያልተከፈተ በርሜል ይመለሳል ወይስ አይመለስም? በጽሑፍ ያስገቡት። የእኔ አቅራቢ በቃል ተስማምቶ ነበር፤ ያንን ስምምነት ቀደም ብዬ በአጭር ደብዳቤ አስፈርሜው ስለነበር ቀኑ ሲደርስ ሳንከራከር መለሰልኝ። በአካባቢዬ የነበሩ ሌሎች ባለቤቶች ይህ ስላልነበራቸው ያዘዙትን ሁሉ ከፍለው ወደ ፍሳሽ ደፉ።

ስለ ድጋፍ ገንዘብ ብዙ ልል እችላለሁ። ድጋፍ ሲቀረጽ የሚታሰበው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የገንዘቡን መጠን ያህል ይመዝናል። የእንግሊዝ መንግሥት ቤቶቹን በዘጋበት ቀን የሠራተኛውን ደመወዝ 80 በመቶ፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ እሸፍናለሁ ማለቱ ለባሮች ትልቅ ነገር ነበር፤ ትእዛዙና ድጋፉ አብረው መጡ። በአሜሪካ ደግሞ መንግሥት ለትንንሽ ድርጅቶች ያመቻቸው የደመወዝ ጥበቃ ብድር ሳይመለስ እንዲሰረዝ በመጀመሪያ ቢያንስ 75 በመቶው ለደመወዝ መዋል ነበረበት፤ በሕግ ለተዘጋ ባር ይህ ማለት የሚሠራው ሥራ ሳይኖር ሠራተኛ መልሶ ቅጠር፣ ኪራዩን ግን በአብዛኛው ራስህ ተወጣው ማለት ነበር። በጁን 2020 ወደ 60 በመቶ ዝቅ አለ፤ መጠቀሚያው ጊዜም ከ8 ሳምንት ወደ 24 ሳምንት ረዘመ። በኋላ ለሬስቶራንቶችና ለባሮች ብቻ የተመደበው 28.6 ቢሊዮን ዶላር በሜይ 2021 ሲከፈት ከ278,000 በላይ ቤቶች ከ72 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠየቁ፤ ያገኙት 101,000 ያህሉ ብቻ ናቸው። በአንድ ጎዳና ላይ ካሉ ሁለት ባሮች አንዱ አግኝቶ አንዱ ባዶ እጁን ሲቀር ገበያው ራሱ ይዛባል፤ ያገኘው ቤቱን ያድሳል፣ ያላገኘው ሠራተኛውን ያጣል።

ጃፓን የተለየ ትምህርት ትሰጣለች። በ2021 መጀመሪያ ሰዓቱን ላሳጠረ ቤት በቀን እስከ 60,000 የን ይከፈል ነበር፤ ትንሹም ትልቁም በአንድ ልክ። ለጥቂት ወንበር ባር ይህ ከተለመደው ገቢ የሚበልጥበት ጊዜ ነበር፤ ብዙ ሠራተኛ ላለው ቤት ግን የቀን ወጪውን አይሸፍንም ነበር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ገደማ ክፍያው በሽያጭ መጠን እንዲሰላ ተደረገ። ፍትሐዊ ነው፤ ግን አንድ ነገር አስከተለ፤ የሽያጭ መዝገቡን በትክክል ያልያዘ ባለቤት የሚገባውን ሊያስረዳ አልቻለም። ይህንን በየትኛውም አገር አይቻለሁ፦ ድጋፍ የሚያገኘው የተጎዳው ሳይሆን መጎዳቱን በሰነድ ማሳየት የቻለው ነው። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛና ጠበቃ አለው፤ ማመልከቻው በተከፈተበት ቀን ያስገባል። አንተ ቀጂም፣ ገዢም፣ ሂሳብ ያዥም የሆንክበት ቤት ግን ማመልከቻውን የምታነበው ከሥራ በኋላ በሌሊት ነው። በግል የሚተዳደሩ ባሮችን ከትልልቆቹ የሚለያቸው ትልቁ ጉዳት ለእኔ ይህ ነው፤ ደንቡ ለሁሉም እኩል ተጽፎ ሳለ ደንቡን ለመከተልና በእሱ ለመጠቀም የሚጠይቀው ጊዜ ግን እኩል አይደለም።

የቁጥጥሩ ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እኔ ቤት የመጡ ሁለት ተቆጣጣሪዎች አንዱን መመሪያ በሁለት መንገድ ተረጎሙት፤ አንዱ በጠረጴዛዎች መካከል የቆመውን መለያያ ጥሩ ነው ሲል ሌላው የአየር ዝውውር ይዘጋል ብሎ እንዳነሣው ነገረኝ። ሁለተኛው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱን ጥያቄ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ እየላክሁ መልሱን ማኅደር ውስጥ አኖር ጀመር። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ክርክር የለም፤ ወረቀቱን አሳያለሁ። ሠራተኞቼ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሕግ አስከባሪ ሆኑ፤ የጠጣን ሰው «ጭንብልዎን ያድርጉ፣ ይቀመጡ፣ ይውጡ» ማለት ለአስተናጋጅ ቀላል ሥራ አይደለም። በዚህ ምክንያት ስድብና ግፊያ የደረሰባቸው ወጣቶች ሙያውን ትተው ሄደዋል፤ አልተመለሱምም። ደንብ አውጪዎች ይህንን ወጪ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ሲጽፉት አላየሁም።

ይህን ሁሉ ስል ደንብ አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ባር በእርግጥ አደገኛ ቦታ ነበር። በማርች 2020 በኦስትሪያ ኢሽግል ከበረዶ መንሸራተቻ መዝናኛዎች የተነሣው ስርጭት ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ተሸጋገረ። በሜይ 2020 በሴኡል ኢቴዎን ሰፈር ከምሽት ክበቦች የተነሣው ሌላው ምሳሌ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው ጥናት በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ካልተገኘባቸው ይልቅ በሁለት እጥፍ ያህል ሬስቶራንት ሄደው መመገባቸውን ተናግረዋል። ደንበኛዬና ሠራተኛዬ እንዲታመም አልፈልግም። የምጠይቀው ደንቡ አደጋውን ራሱን እንዲለካ ነው፤ የአየር ዝውውርን፣ የሰው ብዛትን፣ የቆይታ ጊዜን። በቤት ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የምታሳይ ትንሽ መሣሪያ አየሩ ምን ያህል እንደታደሰ በግምት ትናገራለች፤ እኔ ገዝቼ ባንኮኒው ላይ ለደንበኛ እንድትታይ አድርጌ አስቀምጫታለሁ። ቁጥሩ ሲወጣ መስኮት ይከፈታል፤ ሰው ይቀነሳል። እንዲህ ባለ መለኪያ የሚሠራ ደንብ ቢኖር ወጥ ቤት ያለውና የሌለው በእኩል ይዳኙ ነበር።

ጊዜያዊ ፈቃዶችን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኒው ዮርክ በማርች 2020 የተቀላቀለ መጠጥ ይዞ መሄድን ፈቀደች፤ ብዙ ባሮች በዚያ ኖሩ። በጁን 2021 የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃት ሲታወጅ ፈቃዱ ወዲያው ተቋረጠ፤ ጠርሙስና ማሸጊያ ገዝተው የከመሩ ቤቶች ዕቃው እጃቸው ላይ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በሕግ ተመለሰ። ስለዚህ በጊዜያዊ ፈቃድ ላይ የሚተማመን ዕቃ ሲገዙ ለጥቂት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይግዙ፤ ዕዳ ገብተውበት መሣሪያ አይትከሉ።

አሁን ገና ሳይፈርሙ ስላሉት ሁለት ሰነዶች። ኢንሹራንሱን በተመለከተ «የሥራ መቋረጥ» የሚለውን ርዕስ ብቻ አይዩ፤ ተላላፊ በሽታን ወይም በባለሥልጣን ትእዛዝ መዘጋትን በስም ይሸፍናል ወይ ብለው ይጠይቁ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 15 ቀን 2021 በሰጠው ውሳኔ ብዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ካሳ የማግኘት መብት ያገኙት ውላቸው ውስጥ እንዲህ ያሉ አንቀጾች ስለነበሩ ነው። በአሜሪካ ግን አብዛኞቹ ፍርድ ቤቶች በሕንፃው ላይ የደረሰ አካላዊ ጉዳት ከሌለ ካሳ የለም አሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዙ ኩባንያዎች ወረርሽኝን በግልጽ ከሽፋን አውጥተዋል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ብዙ ተስፋ አይጣሉ፤ ግን ያንብቡት።

የኪራይ ውሉ ላይ ግን ተስፋ አለኝ፤ ጉልበትዎን እዚያ ላይ ያውሉት። እኔ ከአከራዬ ጋር የተስማማሁት በሕግ ትእዛዝ ቤቱ ቢዘጋ ወይም የተፈቀደው የሰው ቁጥር ከግማሽ በታች ቢወርድ ኪራዩ እገዳው እስኪነሣ በሽያጭ ድርሻ ይሰላል በሚል ነው። መጀመሪያ እምቢ አለ። የሽያጭ መዝገቤን በየወሩ እንዲያይ ፈቀድሁለት፤ ባዶ ቤት ይዞ ከመቆየት ይሻላል ብሎ ፈረመ። «ከግማሽ በታች» የሚለው ሐረግ ዋናው ነው፤ «ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ» ብቻ ብለው ከጻፉ ከላይ በቁጥር ያሳየሁት የግማሽ መከፈት ወቅት ያለ መከላከያ ይቀራል። ሰዓት እላፊንም እዚያው ያስገቡ። የግል ዋስትና ከተጠየቁ ደግሞ በጊዜ ወይም በገንዘብ መጠን ይገደብ፤ መኖሪያ ቤታቸውን ያስያዙ ሰዎች ባሩን ከዘጉ በኋላም ዕዳው አልለቀቃቸውም።

ረቂቅ ውል ካለዎት ስምና አድራሻውን ሰርዘው የኪራይና የዋስትና አንቀጾቹን ብቻ እዚህ ይለጥፉት፤ እኔም፣ እዚህ ያሉት ሌሎች ባለቤቶችም አንብበን የምናየውን እንጽፍልዎታለን።